ለራፕተር 700 ያገለገለ የፊት ሾክ፦ 450 ዶላር ከመክፈልህ በፊት የሚለካውና የሚመረመረው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የ2014 ሞዴል ያማሃ ራፕተር 700 ኳድ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) አለኝ፤ «አር» የሚል የሌለበት፣ ኤ አርሞቹም (የፊት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት ክንዶች) የፋብሪካ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ኔሊስ ዱንስ፣ አንዳንዴም ዱሞንት ዱንስ አሸዋ ላይ ነው የምነዳው። ክብደቴ 86 ኪሎ ነው። አንድ ሰው ከሆንዳ ቲአርኤክስ 450 አር የፈታውን የኤልካ የፊት ሾክ (አሞርዛተር) ጥንድ በ450 ዶላር ይሸጣል። ፕላስ 2 ኤ አርም ላይ እንደነበረ፣ ዘይት እንደማያፈስና ለማንኛውም ስፖርት ኳድ እንደሚሆን ነግሮኛል። ልግዛው?»

የባለሙያ ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ሻጩ በነገረህ ሁኔታና በዚህ ዋጋ ከሆነ አትግዛው። ኤልካ ጥሩ ሾክ ነው፤ ተፈትቶ ይታደሳል። የሚያሳስበኝ «ለማንኛውም ኳድ ይሆናል» የሚለው ቃል ነው፤ እንዲህ ያለ ሾክ የለም። እንደዚህ ዓይነት ሾክ አዲስ ሲታዘዝ የኳዱ ሞዴል፣ የኤ አርሙ ርዝመትና ዓይነት፣ የነጂው ክብደት፣ የሚነዳበት መሬት ተጠይቆ ነው የሚሠራው። ያገለገለውን መግዛት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ሱፍ እንደ መግዛት ነው፦ ጨርቁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለልክህ ማስተካከያ ግን የሰፊውን ሒሳብ ከአሁኑ መደመር አለብህ።

መጀመሪያ መግጠም አለመግጠሙን በቁጥር እወቅ። ከራስህ ኳድ ጀምር፦ ፊቱን በክሪክ አንሳ፣ ሻንሲውን በጠንካራ ነገር አስደግፍ፣ ጎማዎቹ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ አንዱን ሾክ ፍታ። ሾኩ ሙሉ በሙሉ እንደተዘረጋ ከላይኛው የብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሃል በሚሊ ሜትር ለካ። ከዚያ ላይና ታች የብሎኖቹን ውፍረትና ሾኩ ገብቶ የሚቀመጥበትን ክፍተት ስፋት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ውሰድ። ሻጩንም እነዚህኑ ቁጥሮች ጠይቀው፤ በተጨማሪም ከውጭ የሚታየውን የዘንጉን ርዝመትና በዘንጉ ላይ የተሰካውን የማቆሚያ ጎማ ውፍረት ይንገርህ። መለኪያ ሜትሩ አብሮ የሚታይበት ፎቶ ይላክልህ፤ ያለዚያ የሰማኸው ቁጥር ግምት ነው።

የብሎን ውፍረትና የስፋት ልዩነት ቀላል ችግር ነው፤ ቀዳዳውን የሚያጠብና ጎኑን የሚሞላ ቡሽ ይታዘዛል ወይም በቶርኖ ይሠራል። ሮንዴላ ደራርበህ ለመሙላት ግን አትሞክር፤ ሮንዴላው እየተንቀሳቀሰ ብሎኑን ይበላዋል። ከባዱ የርዝመት ልዩነት ነው። ጎማው ከሾኩ የበለጠ ስለሚጓዝ ትንሽዋ ልዩነት ጎማው ጋ ስትደርስ ትበዛለች። ለምሳሌ ሾኩ 10 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ ጎማው 18 የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ በ10 ሚሊ ሜትር የረዘመ ሾክ ጎማውን 18 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይገፋዋል። ኳዱ ሲዘል ያን ጊዜ ቦል ጆይንቱ (ኤ አርሙን ጫፉ ላይ ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) የመታጠፊያው መጨረሻ ላይ ደርሶ ይነክሳል፤ ሾኩ መቆሚያው ላይ ሳይደርስ ቦል ጆይንቱ መቆሚያ ይሆናል ማለት ነው። ቦል ጆይንት ለዚህ አልተሠራም፤ ከጊዜ በኋላ ይሰበራል። አጥሮ ሲገኝ ደግሞ ኳዱ ዝቅ ይላል፣ ያለህን የጎማ ጉዞ ትከስራለህ።

የረዘመውን ሾክ ባለሙያ ሲያድሰው ውስጡ ስፔሰር (የርቀት ቀለበት) አስገብቶ ሊያሳጥረው ይችላል። ይህ ግን የተዘረጋውን ርዝመት እንጂ ተጨምቆ የሚያልቅበትን ርዝመት አይነካም። ስለዚህ የተጨመቀውንም ርዝመት ማወቅ አለብህ፦ ከተዘረጋው ርዝመት የሚታየውን ዘንግ ቀንስ፣ የማቆሚያ ጎማውን ውፍረት ደምር፤ ማቆሚያ ጎማው በኃይል ሲመታ ስለሚጠጋጋ በተግባር ከዚያም ትንሽ ያጥራል። ውጤቱ ከፋብሪካው ሾክ የሚያንስ ከሆነ ከዝላይ ስታርፍ ሾኩ ሳያልቅ ኤ አርሙ ሻንሲውን ሊመታ ይችላል። የአጭሩ ነገር ይብሳል፤ እሱን ለማርዘም አዲስ ዘንግ፣ አንዳንዴም አዲስ ቱቦ ስለሚጠይቅ ለዚህ ጥንድ ገንዘብ አታውጣበት።

ሻጩን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቀው፦ ኤ አርሙ ስታንዳርድ ትራቭል (የተለመደ የጎማ ጉዞ ያለው) ነበር ወይስ ሎንግ ትራቭል (ለረዥም የጎማ ጉዞ የተሠራ)? ፕላስ 2 የሚለው ስፋቱን ብቻ ነው የሚነግርህ፤ በእያንዳንዱ ጎን 2 ኢንች፣ በጠቅላላው 4 ኢንች ሰፍቷል ማለት ነው። ሎንግ ትራቭል ግን የሾኩን ርዝመትና የሚታሰርበትን ቦታ ይለውጣል፣ የማሰሪያው ቦታም ከአንዱ ኤ አርም ሠሪ ወደ ሌላው ይለያያል። መልሱ «ሎንግ ትራቭል» ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ፤ የአንተ ኤ አርም የፋብሪካ ስለሆነ አይገጥምም።

ስታንዳርድ ነበር ብሎህ ርዝመቱም ቢገጥም ሞላው ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ «የቀድሞው ባለቤትም እንደኔ 86 ኪሎ ነው» ብሎ ይገዛል። ጎማው ጋ የሚሰማው የሞላ ጥንካሬ የሚገኘው የሞላው ጥንካሬ በሾክና በጎማ እንቅስቃሴ ጥምርታ ካሬ ሲባዛ ነው። የሾኩን ዘንበል ማለት ለጊዜው ተወውና በምሳሌ ቁጥር እንየው፦ ኤ አርሙ ከሻንሲው መታጠፊያ እስከ ቦል ጆይንቱ 14 ኢንች ነው እንበል፣ ሾኩ 9 ኢንቹ ላይ ታስሯል። 9 ለ14 ሲካፈል 0.643፣ ካሬው 0.413 ነው። ያው ኤ አርም በ2 ኢንች ሲረዝም 9 ለ16 ይሆናል፤ 0.5625፣ ካሬው 0.316። ያው ሞላ ጎማው ጋ 23 በመቶ ያህል ለሰለሰ። ስለዚህ ፕላስ 2 የገጠመ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ 30 በመቶ ገደማ የጠነከረ ሞላ ያዝዛል። አንተ ያንን ሞላ በፋብሪካ ኤ አርም ላይ ብትገጥመው ለክብደትህ ያን ያህል ደረቅ ይሆንብሃል። አሸዋ ላይ ፊቱ ሸካራውን እየዘለለ ያልፋል፣ ስትታጠፍም ጎማው አይነክስም፣ ኳዱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። የውስጡም የዘይት መቆጣጠሪያ ለዚያው ሞላ የተቀመረ ስለሆነ በክሊክ (ከውጭ በሚዞረው ማስተካከያ) ብቻ አይስተካከልም።

ሞላው ላይ የተጻፈውን አንብብ። ብዙውን ጊዜ የሞላው ርዝመት፣ የውስጥ ስፋትና ጥንካሬው በፓውንድ በኢንች በተከታታይ ይጻፋል። ሾኩ ሁለት ሞላ ተደራርቦበት ከሆነ ቁጥሮቹን አትደምር፣ አማካይም አታውጣ። 120 እና 250 ተደራርበው ሲሠሩ የሁለቱ ብዜት ለድምራቸው ይካፈላል፤ 30,000 ለ370፣ ማለትም 81 ፓውንድ በኢንች። ትንሹ ሞላ ጉዞው በማገጃ ቀለበት ሲዘጋ ብቻ ነው 250ው ለብቻው የሚሠራው። ያ ቀለበት በቀድሞው ባለቤት ዝቅ ወይም ከፍ ተደርጎ ሊሆን ስለሚችል የግራና የቀኙ ቁመት እኩል መሆኑን እይ።

ቁጥሮቹ ካለፉ ዕቃውን ሄደህ በእጅህ ፈትሽ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪና የሞላ ማስተካከያ ቀለበት መፍቻ ያዝ። ሻጩ ሞላውን እንዲያወጣ ፈቃደኛ ካልሆነ ጉዞህን አታድርግ፤ ሞላ እንደታሰረ የሚታየው የሾክ ጤና ግማሹ እንኳ አይሆንም። አወጣጡ እንዲህ ነው፦ ከላይ ያለውን የማስተካከያ ቀለበት ሞላው በእጅ እስኪንቀሳቀስ ድረስ መልስ፣ ከታች ያለውን መያዣ አንሸራተህ አውጣ። ቀለበቱ ጨርሶ ተመልሶም ሞላው ከተወጠረ ያለ ሞላ መጭመቂያ አታስወጣው፤ ተፈናጥሮ ጣት ይቆርጣል። ቀለበቱ ከነጭራሹ የማይዞር ከሆነ የቱቦው ጥርስ ተበልቷል ወይም በአሸዋና በዝገት ተጣብቋል፤ ለዚህም ዋጋ ይቀነሳል።

ከሁሉ በፊት ዘንጉን ተመልከት። በጨርቅ ጥረገውና ጥፍርህን ከላይ እስከ ታች፣ ዙሪያውን እያዞርክ አሂድ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ነጥብ ካለ በእያንዳንዱ ጉዞ አዲሱን የዘይት ጎሚኒ እየቆረጠ ይሄዳል፤ ብታሳድሰው እንኳ ብዙ ሳይቆይ ያፈሳል። መፍትሔው ዘንጉን መቀየር ወይም ዳግመኛ ክሮም ማስቀባት ብቻ ነው። ክሮሙ በአንድ ጎን ብቻ ደብዝዞ ወይም ቢጫ ሆኖ ካየኸው ዘንጉ በጎን እየተገፋ ሠርቷል ማለት ነው፤ ውስጥ ያለው ቡሽ አልቋል ወይም ዘንጉ ተጣሟል። ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ ዘንጉን ወደ ጎን ወዝውዘው፤ «ቋ ቋ» የሚል መንቀሳቀስ ከተሰማህ ቡሹ አልቋል።

በዘንጉ ላይ ስስ የዘይት ፊልም መታየቱ ጤናማ ነው፤ ጎሚኒው የሚቀባው እሱ ነው። ጠብታ ወይም በጎሚኒው ዙሪያ አሸዋ የያዘ እርጥብ ቀለበት ግን መፍሰስ ነው። ሻጭ ከመምጣትህ በፊት በፍሬን ማጽጃ ሊያጥበው ስለሚችል፣ ዘንጉን አሥር ጊዜ ያህል አስገብተህ አውጣና ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ዳግመኛ እየው። «ዘይት አያፈስም» የሚለው ቃል የሚታመነው ከዚህ በኋላ ነው።

እየገፋህ ሳለ ስሜቱንም ያዝ። ዘንጉ በወጥ ተቃውሞ መግባት፣ ስትለቀውም በራሱ ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። የሚያወጣው በሪዘርቯሩ (ከሾኩ ጋር በተያያዘው የዘይትና የጋዝ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ግፊት ነው። ስንት እንደሚገፋ ማስላት ትችላለህ፤ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ150 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) 16 ኪሎ ገደማ ይገፋል፣ 16 ሚሊ ሜትር የሆነው 21 ኪሎ ገደማ። ዘንጉ በገባበት ከቀረ ጋዙ አልቋል። አቅጣጫ ስትቀይር ምንም ተቃውሞ የሌለበት ባዶ ቦታ ካለ፣ ወይም ውስጡ «ቦቅ ቦቅ» ካለ፣ ጋዝ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል፤ ዘይቱን ከጋዙ የሚለየው ተንሳፋፊ ፒስተን ጎሚኒው አልፏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሾክ በተደጋጋሚ ሲመታ ዘይቱ አረፋ ይሆንና ኳዱን መያዝ ያቆማል፤ በረዥም የአሸዋ ሸንተረር መሃል ላይ ይህ ሲደርስብህ አደገኛ ነው። ይህ ጉድለት በእድሳት ይስተካከላል፣ ስለዚህ ዋጋ መከራከሪያ እንጂ ከግዢ መሸሻ አይደለም።

የናይትሮጅኑን ቫልቭ ግን አትንካ። የጎማ መለኪያ ሰክተው «ይኸው ግፊቱ» የሚሉ አሉ፤ በሪዘርቯሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ትንሽ ስለሆነ መለኪያው ራሱ ብዙውን ያስወጣዋል። ተራ አየርም አይሞላበትም፤ እርጥበት ስላለው ሲሞቅ ግፊቱ ይለዋወጣል፣ ውስጡንም ያዝጋል። ሪዘርቯሩን ከነግፊቱ ለመክፈት መሞከር ደግሞ አካል ያጎድላል።

ክሊኮቹን ቁጠር። ሪባውንዱን (የዘንጉን መውጫ ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ማስተካከያ) በቀስታ ወደ ቀኝ እስኪቆም አዙር፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ እየከፈትህ ቁጠር፤ በግራና በቀኝ ሾክ ያለው ቁጥር ተመሳሳይ ወይም በአንድ ሁለት የሚለያይ መሆን አለበት። የማይዞር ካለ በካቻቢቴ አታስገድደው፤ ውስጡ ያለው መርፌ ይሰበራል። ሪባውንዱን ሙሉ ዘግተህም ሙሉ ከፍተህም የዘንጉ መውጫ ፍጥነት ካልተለወጠ ችግር አለበት። የኮምፕረሽኑ (ዘንጉ ሲገባ የሚቆጣጠረው ማስተካከያ) ለውጥ ግን በእጅ ግፊት ብዙም አይሰማም፣ ስለዚህ በእሱ አትፍረድ።

ቀሪው ቶሎ ያልቃል። ቱቦው ላይ በድንጋይ የተመታ ስርጉድ ካለ ፒስተኑ እዚያ ሲደርስ ይያዛል፤ ተወው። ሪዘርቯሩ ከሾኩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንጥቅ፣ ሪዘርቯሩ በቱቦ የተያያዘ ከሆነም ቱቦው ላይ የመፋተግ ምልክት ፈልግ። የጫፎቹን ኩሽኔታ በብሎን አንቀሳቅሰው፤ ከተንቀጫቀጨ ይቀየራል፣ ውድ አይደለም። የተሰባበረ ማቆሚያ ጎማም እንዲሁ። የሁለቱም ሾክ የሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሳ፤ ኤልካ በቁጥሩ አማካይነት ሾኩን መጀመሪያ ለየትኛው ኳድ፣ ለምን ያህል ክብደትና በምን ሞላ እንደሠራው ሊነግርህ ይችላል። ከመክፈልህ በፊት የምታደርገው አንድ የስልክ ጥሪ የሻጩን ታሪክ ያረጋግጣል ወይም ያፈርሰዋል። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ሌላ ምክንያት ሳትፈልግ ተመለስ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ያገለገለ ሾክ የእድሳቱ ቀን ካልታወቀ እንዳልታደሰ ነው የሚቆጠረው። አሜሪካ ውስጥ ዘይት፣ ጎሚኒና ናይትሮጅን ቀይሮ ማደስ ለአንዱ የፊት ሾክ ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ዶላር ይጠይቃል፤ የውስጡን መቆጣጠሪያ ላንተ እንዲቀይር ስታዝዝ ወደ ላይኛው ይጠጋል። ለሁለቱ 240 በል። ለልክህ የሚሆን አራት ሞላ በ50 ዶላር ቢገኝ 200፣ ቡሾቹ 50። ከ450ው ጋር 940 ዶላር ሆነ፤ ያውም ዘንጉ ንጹሕ ከሆነ። ይህን ገንዘብ ይዘህ በስምህ፣ በክብደትህና በኤ አርምህ ልክ የሚሠራ አዲስ ጥንድ ዋጋ ጠይቅና አወዳድር። ርዝመቱ ገጥሞ፣ ዘንጉ ንጹሕ ሆኖ፣ ሴሪያሉም ታውቆ ቢገኝ እኔ ለዚህ ጥንድ ከ200 እስከ 250 ዶላር ነው የምሰጠው። ከራፕተር 700 ከፋብሪካ ኤ አርም ላይ የተፈታ፣ ከ80 እስከ 95 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ ቢሆን ኖሮ 450ው ተገቢ ዋጋ ነበር።

ላንተ የተሻለ መንገድ አለ ብዬ አምናለሁ። ራፕተር 700 አር ላይ የሚመጣው የፋብሪካ የፊት ሾክ ሪዘርቯር፣ የኮምፕረሽንና የሪባውንድ ማስተካከያ አለው፤ ያንተ «አር» የሌለው ግን ባለ አምስት ደረጃ የሞላ ማጥበቂያ ብቻ ነው ያለው። የአር ባለቤቶች የተሻለ ሾክ ሲገጥሙ የፋብሪካውን ፈትተው በርካሽ ይሸጡታል። የሞዴሉ ዘመን ከአንተ ጋር የቀረበውን ፈልግ፣ ከላይ ያልኩህን ለካ፣ ዘንጉን ፈትሽ፣ ከዚያ አሳድሰውና ለ86 ኪሎ የሚሆን ሞላ አስገባበት። ኔሊስና ዱሞንት ላይ ውድድር ለማይገባ ሰው ይህ ብዙ ዓመት ይበቃል። ዱባይ አሸዋ ላይ ራፕተር የምትነዱ ወገኖችም ይኸው ይሠራላችኋል፤ እዚያ ግን ከኪራይ ኳድ የተፈታ ሾክ ሲቀርብላችሁ ዘንጉንና ቡሹን በእጥፍ ጥንቃቄ እዩ፣ ሙቀትና የማያቋርጥ ሥራ ቶሎ ነው የሚበላቸው።

የትኛውንም ብትገዛ መጀመሪያ ያለ ሞላ ግጠመው። ጎማውን አስረህ ኤ አርሙን በክሪክ ከታች እስከ ላይኛው ጫፍ አንሳ። ኤ አርሙ ሻንሲውን፣ ጎማው ፕላስቲኩን፣ ሪዘርቯሩ ምንም ነገር እንዳይነኩ እይ፤ በሁሉም ከፍታ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር። ከዚያ ወደ ታች ልቀቀውና ቦል ጆይንቱ አሁንም በእጅ የሚላወስ፣ የፍሬን ቱቦውም ያልተወጠረ መሆኑን አረጋግጥ። ከነሞላው ከገጠምከው እስከ ላይ በእጅህም በክሪክም ስለማትደርስ ንክኪውን የምታውቀው ከዝላይ ስታርፍ ይሆናል።

ሞላውን ካስገባህ በኋላ ቁመቱን አስተካክል። የራፕተሩ የፊት ጎማ ጉዞ 230 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፊቱ ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል ከጎማው ማዕከል ቀጥታ ወደ ላይ ሻንሲው ላይ ወደመረጥከው ነጥብ ለካ። ኳዱን አውርድ፣ ሙሉ ልብስህንና ሄልሜትህን አድርገህ ቁምበት፣ ጥቂት ጊዜ አንጥረውና ሌላ ሰው ያንኑ ይለካልህ። ልዩነቱ ከ60 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ይሁን። ያን ለማግኘት ሞላውን ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ መጭመቅ ካስፈለገህ ሞላው ለስልሶብሃል፣ ማጥበቂያውን ለቀኸውም 60 ካልሞላ ደርቆብሃል፤ ሁለቱም የሚፈታው ሞላ በመቀየር ነው። የግራና የቀኝ ቀለበት እኩል መሆን አለበት። ክሊኮቹን ከመሃል ጀምር፣ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ በሁለት ክሊክ ቀይር። ፊቱ ከመታ በኋላ ወደ ላይ ቶሎ የሚፈነጥርህ ከሆነ ሪባውንዱን ዝጋ፤ በተከታታይ ሸካራ ላይ ፊቱ እየወረደ ሄዶ የሚደርቅ ከሆነ ክፈት። ብሎኖቹን በሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ በተሰጠው ኃይል አጥብቅ፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ንዳት በኋላም ቆመህ ድጋሚ ፈትሻቸው።